ምዕራፍ ሰባት፦ በሳንባ ዙሪያ የሚጠራቀም ውኃና መድኃኒት

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች የታዩት የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳቶች በአብዛኛው ታማሚው ራሱ ወዲያው የሚያያቸው ወይም የሚሰማቸው ነበሩ፤ ሽፍታ በቆዳ ላይ ይወጣል፣ ማቅለሽለሽ መድኃኒቱ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ ነገሩን ከመድኃኒቱ ጋር ለማያያዝም የባለሙያ እገዛ ብዙም አያስፈልግም። የዚህ ምዕራፍ ርእሰ ጉዳይ ግን ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ከተጀመሩ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አልፎ አልፎም ከዓመታት በኋላ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ውኃ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ውኃው የሚጨምረው ቀስ በቀስ በመሆኑም ታማሚው ደረጃ ሲወጣ የሚሰማውን የትንፋሽ ማጠር ለዕድሜ፣ ደረቅ ሳሉን ለጉንፋን፣ ድካሙን ደግሞ ለዋናው ሕመም ሰጥቶ ሊያልፈው ይችላል። በተለምዶ «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ውኃው የሚገኘው ግን ከሳንባው ውጪ፣ ሳንባውን በሸፈነው ስስ ሽፋንና የደረትን የውስጥ ግድግዳ በሸፈነው ስስ ሽፋን መካከል ነው። ሐኪሞች ሽፋኑን ፕሉራ፣ የውኃውን መጠራቀም ደግሞ ፕሉራል ኢፊዩዥን ይሉታል።

ምዕራፉ የሚያብራራው ዋና ሐሳብ በዚያ ስፍራ ውኃ ምንጊዜም መኖሩን፣ በሽታ የሚሆነውም በሚገባውና በሚወጣው መካከል ያለው ሚዛን ሲፈርስ መሆኑን ነው። መድኃኒት ይህን ሚዛን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊያፈርስ ይችላል፤ የፈረሰበትን መንገድ ለይቶ ማወቅም መድኃኒቱ ይቁም፣ መጠኑ ይቀነስ ወይስ በሌላ ይተካ ለሚለው ውሳኔ መሠረት ይሆናል።

ዘወትር የሚሞላ፣ ዘወትር የሚጎድል ስፍራ

ከሁለቱ ሽፋኖች አንደኛው ከሳንባው ገጽ ጋር ተጣብቆ የሳንባውን ክፍልፋዮች ሁሉ ይከተላል፤ ሁለተኛው የጎድን አጥንቶችን የውስጥ ገጽና ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ይሸፍናል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጤነኛ ሰው ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ ብቻ የሚሰፋ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽም 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው በሁለቱም ጎን ተደምሮ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ጥቂት ፈሳሽ በቀን ወደ 20,000 ጊዜ በሚደረገው ትንፋሽ ሽፋኖቹ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ ያለሰልሳል፤ ሁለቱን አጣብቆ በመያዝም ደረት ሲሰፋ ሳንባው አብሮት እንዲሰፋ ያደርጋል።

ፈሳሹ የሚመጣው በተለይ በውጪኛው ሽፋን ውስጥ ካሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ እንደተገለጸው የእነዚህ የደም ሥሮች ግድግዳ ውኃን በጥቂቱ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ የደም ግፊት ውኃውን ወደ ውጪ ይገፋል፣ በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች፣ በተለይም አልቡሚን፣ መልሰው ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ይህን የግፊትና የስበት ትግል እንግሊዛዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 አብራርቶታል። የገባው ፈሳሽ የሚወጣው ደግሞ በዚያው በውጪኛው ሽፋን ላይ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ ባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ሊምፍ ቱቦዎች በመግባት ነው፤ የሊምፍ ቱቦዎች ከሰውነት ሕብረ ሕዋስ ትርፍ ፈሳሽን ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቱቦዎች ናቸው።

የዚህን ስፍራ ጠባይ ለመረዳት በመተሐራ ከተማ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ ማሰብ ይጠቅማል። በሰቃ ተፈጥሯዊ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ ውኃው የሚጎድለው በዋናነት በመትነን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋቱ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽና የእርሻ መሬት ዋጠ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን አውራ ጎዳናና የቀድሞውን የባቡር ሐዲድም አሰጋ። በዚያ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ በዚያ ልክ አልጨመረም፤ የጨመረው፣ ከመስኖ እርሻ መስፋፋት ጋር ተያይዞ፣ ከመሬት በታች ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ሲሆን ትነቱ ያንን ሊያካክስ አልቻለም። ሐይቁ ዳርቻውን ሳይለቅ በኖረበት ዘመንም ቢሆን ውኃው የቆመ አልነበረም፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ስለነበር ብቻ የቆመ ይመስል ነበር። ሳንባን የከበበው ስስ ክፍተትም በዚህ ሕግ የሚኖር ነው።

በአንድ ነገር ግን ደረት ከሐይቁ የተሻለ ዕድል አለው። የሊምፍ ቱቦዎቹ አስፈላጊ ሲሆን በተለመደው ጊዜ ከሚያስወጡት ሃያ እጥፍ ያህል ሊያስወጡ የሚችሉ በመሆናቸው፣ የሚገባው ፈሳሽ በሁለትና በሦስት እጥፍ ቢጨምር ምንም ምልክት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውኃው በራጅ እስኪታይ ድረስ ከተጠራቀመ፣ የሚገባው ከዚያ ሁሉ አቅም በላይ ሆኗል፣ ወይም መውጫው ተዘግቷል፣ ወይም ደግሞ እንደሚበዛው ሁለቱ አንድ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች መካከል አንዱ ውኃ ሲቋጥር ሌላው ደኅና የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም እዚህ ላይ ነው፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ወይም ቀድሞ የነበረ ቁስል የሊምፍ መውጫውን ያጠበበበት ሰው ገና መድኃኒቱን ሳይጀምር ከመጠባበቂያ አቅሙ ብዙውን ጨርሷል።

መድኃኒት ሚዛኑን የሚያፈርስባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በግፊት በኩል ነው። ስለ ኩላሊት በተጻፈው ምዕራፍ እንደታየው ጨው ባለበት ውኃ ይከተላል፤ ኩላሊት ጨው እንዲያስቀር የሚያደርግ መድኃኒትም የደምን መጠን ይጨምራል፣ ልብ ያንን መሸከም ሲያቅተው ውኃ ከእግር ቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ደረት ድረስ ይጠራቀማል። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ፒዮግሊታዞን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን፣ የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ውኃ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን የሚታይና ሽንት በሚያሸኑ መድኃኒቶች የሚቀንስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በራሱ በደም ሥሩ ግድግዳ በኩል ነው። ለጡት ካንሰርና ለሌሎችም ካንሰሮች የሚሰጠው ዶሴታክሴል የቀጫጭን የደም ሥሮችን ግድግዳ ቀስ በቀስ እያሳሳ ውኃና ፕሮቲን አብረው እንዲያመልጡ ያደርጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከአንድ ዙር ሳይሆን ከዙሮቹ ድምር በመሆኑ፣ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር ሥጋቱ ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ለሦስት ቀናት ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ እንዲወሰድ የሚታዘዘው ሥጋቱን ለመቀነስ ነው፤ ስለዚህ ያንን ኪኒን «ዋናው መድኃኒት አይደለም» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። መውለድ ላልቻሉ ሴቶች እንቁላል እንዲያፈሩ የሚሰጡ የሆርሞን መርፌዎችም እንቁልጢን ከልክ በላይ ሲያነቃቁ፣ ከእንቁልጢ የሚመነጭ ንጥረ ነገር የደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚያላላ ሆድና ደረት በቀናት ውስጥ ውኃ ሊቋጥሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው መንገድ የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው። ናይትሮፉራንቶይን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሰፊው የሚታዘዝና ለብዙዎች ያለ ችግር የሚያልፍ መድኃኒት ቢሆንም፣ በጥቂት ሰዎች ከተጀመረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ከሽፋኖቹ መካከል ውኃ ያስከትላል። ሃይድራላዚን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ለረጅም ጊዜና በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ መከላከያ ኃይል የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበትን፣ ሉፐስ የተባለውን በሽታ የሚመስል ሁኔታ ሊያስነሣ ይችላል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ደረት ሲተነፍሱ ይወጋል፣ ውኃም ይጠራቀማል። በአራተኛው ምዕራፍ መድኃኒትን በጉበት ውስጥ በዝግታ ስለሚለውጡ ሰዎች የተነገረው እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ሃይድራላዚንን በዝግታ የሚለውጡ ሰዎች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶች እንዳሳዩት ከኢትዮጵያውያን የሚበዙት የዚህ ወገን ናቸው። በእርግዝና ወቅት ግፊት በድንገት ሲያሻቅብ ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ሃይድራላዚን ግን በዚህ ሥጋት የሚፈራ አይደለም።

አራተኛው መንገድ መውጫውን ማጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለከባድ ራስ ምታት በሰፊው ይሰጥ የነበረው ሜቲሰርጃይድ፣ በኋላም ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ብሮሞክሪፕቲን ለዓመታት ሲወሰዱ ሽፋኑን እያወፈሩና እያጠነከሩ ውኃ እንዲቋጥር አድርገዋል። የጠነከረ ሽፋን መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል፣ ከአራቱ መንገዶች ቶሎ መንቃትን እጅግ የሚጠይቀው ይህ ነው።

የዳሳቲኒብ ጉዳይ

በዚህ ዘርፍ በደንብ ከተጠኑት መድኃኒቶች አንዱ፣ ምናልባትም ብዙ ያስተማረው፣ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለተባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር የሚሰጠው ዳሳቲኒብ ነው። ይህ ካንሰር ሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ተለዋውጠው በሚፈጥሩት አንድ እንግዳ ፕሮቲን ምክንያት የሚመጣ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ሴሎችን «ተባዙ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ይህን ትእዛዝ በማፈን ገዳይ የነበረውን በሽታ በየቀኑ ኪኒን እየዋጡ የሚኖሩበት ሕመም አደረገው። በኢትዮጵያም ታማሚዎች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዓለም አቀፍ የእርዳታ መርሐ ግብር ኢማቲኒብን በነጻ ሲያገኙ ቆይተዋል። ካንሰሩ ኢማቲኒብን ሲለምድ ወይም መድኃኒቱ ሳይስማማ ሲቀር የሚመጡት ሁለተኛ ትውልድ መድኃኒቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተፈቀደው ዳሳቲኒብ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዳሳቲኒብ ከኢማቲኒብ እጅግ የበረታ ቢሆንም ዒላማው አንድ ብቻ አይደለም፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች እርስ በርስ ተያይዘው እንዲቆሙ የሚረዱ ሌሎች መልእክት አቀባይ ፕሮቲኖችንም ያፍናል። ከዚህ በተጨማሪ በአንዳንድ ታማሚዎች ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንዲበዙ ያደርጋል፤ ከደረት የሚቀዳው ውኃም ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ሴሎች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ በአንድ መድኃኒት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። አዲስ ታማሚዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ለአምስት ዓመት በተከታተለ ትልቅ ጥናት ዳሳቲኒብ ከወሰዱት 28 በመቶ የሚሆኑት በደረታቸው ውኃ ሲቋጥሩ፣ ኢማቲኒብ ከወሰዱት ግን ይህ የደረሰባቸው ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆን፣ ውኃው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ይችላል።

ከቁጥሩ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን የአወሳሰዱ ነገር ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሲፈቀድ መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ 70 ሚሊ ግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በቀን አንድ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም መውሰድ ካንሰሩን በመቆጣጠር ረገድ እኩል መሆኑን፣ በደረት ውኃ የቋጠሩት ታማሚዎች ግን ከ16 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዳቸውን አሳየ። ምክንያቱን ለመረዳት ግማሽ ዕድሜ የተባለውን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዳሳቲኒብ ግማሽ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በቀን አንዴ ሲወሰድ ከቀኑ ብዙው ክፍል በደም ውስጥ መድኃኒቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ለካንሰሩ ሴል አጭር ግን ብርቱ ምት ይበቃዋል፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ደግሞ በቀሪዎቹ ሰዓታት ራሱን መልሶ ለመጠገን ፋታ ያገኛል። ሚዛን የሚፈርሰው በመጠን ብቻ ሳይሆን በጊዜም መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ፈሳሹ የሚናገረውና የማይናገረው

በደረት ውስጥ ውኃ መኖሩን ለማወቅ እጅና ጆሮ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድመዋል። በግራዝ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ የነበረው ሐኪም ሊዮፖልድ አወንብሩገር እ.ኤ.አ. በ1761 ባሳተመው መጽሐፍ ደረትን በጣት መታ መታ አድርጎ ድምፁን በማዳመጥ በሽታን መለየት እንደሚቻል አስረድቷል፤ ያንን ለማረጋገጥም በአስከሬን ደረት ውስጥ ፈሳሽ አስገብቶ የድምፁን ለውጥ ተከታትሎ ነበር። ዛሬም ሐኪም የታማሚን ጀርባ በጣቱ ሲመታ የሚፈልገው አየር ያለበት ቦታ የሚሰጠው የሚያስተጋባ ድምፅ የት ላይ ቆሞ ድፍን ድምፅ እንደሚጀምር ነው። ታማሚው ቆሞ የሚነሣው ራጅ ውኃውን የሚያሳየው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ አልትራሳውንድ ግን ከዚያ በጣም ያነሰውንም ያገኛል፣ መርፌው የት መግባት እንዳለበትም ያመለክታል።

በመርፌ የተቀዳው ውኃ ሲመረመር የመጀመሪያው ጥያቄ ፕሮቲኑ ስንት ነው የሚለው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ላይት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ካለው ከግማሽ ከበለጠ ግድግዳው ተጎድቶ ፕሮቲን እያመለጠ ነው፣ ካነሰና ተጓዳኞቹ መለኪያዎችም ዝቅ ካሉ ግድግዳው ደኅና ሆኖ ግፊት ውኃውን እየገፋው ነው ተብሎ ይገመታል። ፒዮግሊታዞን የሚያመጣው ውኃ በሁለተኛው ወገን፣ ዳሳቲኒብና ሃይድራላዚን የሚያመጡት በአብዛኛው በአንደኛው ወገን ይወድቃሉ። ሁለተኛው ጥያቄ የትኞቹ ሴሎች በዝተዋል የሚለው ነው፤ ለምሳሌ ኢዮሲኖፊል የተባሉት ከአለርጂ ጋር የሚያያዙ ነጭ የደም ሴሎች ከ10 በመቶ ከበለጡ፣ ሐኪሙ ናይትሮፉራንቶይንን ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ቫልፕሮይክ አሲድን ከሚጠረጥራቸው መካከል ማስገባት ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ሚዛኑ እንዴት እንደፈረሰ ይናገራል፤ ማን እንዳፈረሰው ግን አይናገርም። በውኃው ውስጥ የመድኃኒቱ ስም ተጽፎ አይገኝም፤ አንድ ዓይነት ፕሮቲንና አንድ ዓይነት ሴል በመድኃኒትም፣ በኢንፌክሽንም፣ በካንሰርም ሊመጣ ይችላል።

ቲቢ በበዛበት አገር

ቲቢ በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ወጣት ሰው በአንድ ጎን ደረቱ ውኃ ቋጥሮ ሲመጣ የሐኪሙ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቲቢ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ነው። የሽፋኑ ቲቢ ውኃ የሚያመጣው ባክቴሪያው በብዛት ገብቶ ሳይሆን ሰውነት ለጥቂት ባክቴሪያ በሚሰጠው ብርቱ ምላሽ ስለሆነ፣ በማይክሮስኮፕም ሆነ ጂን ኤክስፐርት በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ባክቴሪያውን ከውኃው ማግኘት ብዙ ጊዜ አይሳካም። በመሆኑም ሐኪሙ የሚተማመነው በተዘዋዋሪ ማስረጃ፣ በተለይ ፕሮቲኑ በመብዛቱና ሊምፎሳይቶች በመሙላታቸው ላይ ይሆናል። ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ዳሳቲኒብ የሚያመጣውም ውኃ ፕሮቲን የበዛበትና በሊምፎሳይት የተሞላ ነውና።

እንበልና የደም ካንሰር ያለበት ታማሚ ዳሳቲኒብ እየወሰደ በደረቱ ውኃ ቢቋጥር፣ መድኃኒቱም ሳይታሰብ ቲቢ ነው ተብሎ የስድስት ወሩ ሕክምና ቢጀመርለት፣ ከሕክምናው መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። በአራተኛው ምዕራፍ እንደተብራራው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብርበትን ሥራ እጅግ ያፋጥናል፤ በሰውነት ውስጥ የሚደርሰውን የዳሳቲኒብ መጠንም 80 በመቶ ያህል እንደሚቀንሰው ተለክቷል። እንግዲህ ዳሳቲኒቡ በዚህ ልክ ሲወርድ በደረት ያለው ውኃ ሊደርቅ ይችላል። ውኃው ሲደርቅ ታማሚውም ሐኪሙም የቲቢው መድኃኒት ሠራ ብለው ይደሰታሉ፤ በዚያው ጊዜ ግን ካንሰሩ ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ትክክል የመሰለ ውጤት የተሳሳተውን ግምት ስለሚያጸናው፣ ይህ ዓይነቱ ወጥመድ መዳን ሳይመጣ ከሚቀርበት ሁኔታ ይልቅ አደገኛ ነው። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ታማሚ በተወለደበት አገር ምክንያት ብቻ ቲቢ ቀድሞ ሊታሰብበት ስለሚችል፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዞ መቅረቡ እዚያም ጠቃሚ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የሽፋን ቲቢ ያለበት ሰው ሕክምና በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ውኃው ከበፊቱ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ መከላከያ ኃይል በሚሞቱት ባክቴሪያዎች ቅሪት ላይ የሚያሳየው ምላሽ እንጂ የመድኃኒቱ መርዛማነት ስላልሆነ፣ መድኃኒቱን ማቆም በሽታውን መልሶ ማስነሣትና ባክቴሪያው መድኃኒት እንዲለምድ ዕድል መስጠት ነው። በሌላ በኩል ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቢሆንም፣ ከላይ የተጠቀሰውን ሉፐስ መሰል ሁኔታ አስነሥቶ በእርግጥም ውኃ ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱን መለየት የስፔሻሊስት ሥራ ነው።

የጊዜ ቅደም ተከተል እንደ ምርመራ

ላቦራቶሪው የአድራጊውን ስም መናገር ካልቻለ፣ የቀረው ምስክር ጊዜ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከውኃው በፊት ተጀምሮ እንደሆነ፣ ሲቆም ውኃው መቀነሱን፣ በሌላ ምክንያት እንደገና ሲጀመር መመለሱን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ የወጣው የናራንሆ መለኪያ እነዚህንና ሌሎችን ጨምሮ አሥር ጥያቄዎችን በነጥብ አስቀምጦ፣ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ መምጣቱ እርግጠኛ ነው፣ ይመስላል፣ ሊሆን ይችላል ወይስ ያጠራጥራል ለማለት ያስችላል። መድኃኒቱን ሆን ብሎ መልሶ በመስጠት መሞከር ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ቢሆንም፣ ታማሚውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለሆነ መድኃኒቱ ለሕይወቱ አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር አይደረግም።

መድኃኒቱ ቆሞ ውኃው ካልቀነሰ ግን ወዲያው ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን በስብ ውስጥ ተከማችቶ ስለሚቀመጥ ግማሽ ዕድሜው በአማካይ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል፤ ዛሬ ቢቆም ከሁለት ወር በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ፣ ውኃውም ወራትን ወስዶ ሊደርቅ ይችላል። ዳሳቲኒብ በአንጻሩ በአንድ ቀን ከደም ይጠፋል፤ ውኃው ግን ግድግዳው እስኪጠገንና የሊምፍ ቱቦዎቹ የተጠራቀመውን እስኪያስወጡ ድረስ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ከመድኃኒቱ ጋር ምን ይደረግ

ውኃው ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ በመርፌ ይቀዳል፤ ሳንባው በድንገት ሲሰፋ ራሱ ውኃ እንዳይሞላ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ባይቀዳ ይመረጣል። ይሁን እንጂ መቅዳት ብቻውን፣ የበሰቃን ውኃ ወደ አዋሽ ወንዝ እንደማስወጣት፣ የሚገባውን አይቀንስም፤ ምንጩ ካልተነካ ስፍራው መልሶ ይሞላል። በዳሳቲኒብ የተለመደው አካሄድ መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም፣ እንደ አስፈላጊነቱ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ወይም አጭር ስቴሮይድ መስጠት፣ ውኃው ሲደርቅም በተቀነሰ መጠን መልሶ መጀመር ወይም ወደ ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት መቀየር ነው። ከላይ በተጠቀሰው የአምስት ዓመት ጥናት ውኃ ከቋጠሩት መካከል በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ጨርሰው የተዉት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ሐኪሙ ከታማሚው ጋር ተመካክሮ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ በካንሰር፣ በቲቢ፣ በሚጥል በሽታና በልብ ሕመም ጊዜ ከውኃው የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ታማሚው ማድረግ የሚገባው ዛሬ የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን ባለፉት ወራት የወሰደውን፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛውንና የባህል መድኃኒቱንም ሳያፍር፣ እያንዳንዱ ከተጀመረበት ጊዜ ጋር ይዞ መቅረብ ነው፤ ሐኪሙም ይህን ለመስማት ጊዜ መስጠት አለበት። በፈረንሣይ የዲዦን ከተማ የሳንባ ሐኪም ፊሊፕ ካሙ ያዘጋጀው ፒኒሞቶክስ የተባለ የመረጃ ማኅደር የትኛው መድኃኒት በሳንባና በሽፋኑ ላይ ምን ዓይነት ጉዳት እንዳደረሰ የሚገልጹ ሪፖርቶችን ሰብስቦ ለማንኛውም ሐኪም ክፍት አድርጎታል። እንዲህ ያለው ማኅደር የሚሞላው በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ያዩትን ሲመዘግቡ ነው። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጎንዮሽ ጉዳት የሚዘገብበትን ቢጫ ቅጽ ለጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀ ሲሆን፣ ቅጹን ለመሙላት ጉዳቱ ከመድኃኒቱ መምጣቱ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬው ራሱ ይበቃል።